የሙሀባ የክረምት ፕሮግራም

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓሊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ ማስቀደሜ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ አንቺና እኔ የምንናፈቅ ሰዎች እንዳልሆንን ሁለታችንም እናውቃለን። ደውዬ ልነግርሽ የምችለውን በወረቀት የምጽፍልሽም ባለፈው ስልክ ላይ የሆነውን ስላልረሳሁት ነው። አንቺ ጮህሽ፣ እኔ ጮህኩ፣ ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ወረቀት ቢያንስ አይጮህም።

ሙሀባን ከሾፌሩ ከሙሄ ሚኒባስ ስትቀበያት ይህን ደብዳቤ ከቦርሳዋ የፊት ኪስ ታገኚዋለሽ። ወደዚያ የላክኋት ወድጄ አይደለም። ክሊኒኩ ክረምቱን እሁድ እንኳ አያስወጣኝም፤ ካርድ ክፍል ከኔ በቀር ሰው የለም። ልጅቷን ትይዝልኝ የነበረችው ሠራተኛም አገሬ ልግባ ብላ ሄደች። አባቷ ረድዋን «እኔ ቤት ትክረም» አለ። አባቷ ደግሞ ወሩን ሙሉ የጅቡቲ መንገድ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ አባቷ ቤት ማለት አንቺ ጋ ማለት ነው። የፈታሁት ባሌ ሚስት ልጄን ታስተምርልኝ ዘንድ ፕሮግራም አውጥቼ መላኬን ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፣ ማንበብ ግን አልቻለችም። ፊደሉን ለብቻው ስትጠይቂያት ትነግርሻለች፤ ቃል ሲሆን ይጠፋባታል። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ አንድ ገጽ ያስነብባታል። ካነበበች ሦስተኛ ትገባለች፣ ካላነበበች ከታናናሾቿ ጋር ሁለተኛን ትደግማለች። ጓደኞቿ ወደ ላይ ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ስትመለስ ማየት አልችልም።

ፕሮግራሙን ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ጠዋት የአማርኛ ንባብ፣ ከምሳ በፊት ሂሳብ፣ ከምሳ በኋላ እንግሊዝኛ። መዝናኛም አለው፤ ስዕል፣ ተረት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የወረቀት ሥራ። ቀለሙም መቀሱም ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ፀሐይ አይምታት። ወንዝ አትውረድ፤ ሮቢ በክረምት ሰው እንደሚወስድ ታውቂያለሽ። ባጃጅ ላይ ብቻዋን እንዳትወጣ። አጎበር ሳይዘረጋ እንዳትተኛ። ይህን ሁሉ ከየት አወቀችው እንዳትይ፤ እዚያ ቤት አራት ዓመት ኖሬበታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሳሎኑ መስኮት ላይ የነበረው አረንጓዴ መጋረጃ እስካሁን አለ? ለሌላ አይደለም፣ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ፈይሩዝ፣ የሙሀባ እናት


ሸዋ ሮቢት
ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈይሩዝ፣

ወዐለይኩሙሰላም ወረህመቱላህ። እንደምን ከረሙ? ሥራው እንዴት ይዞዎታል? እኛ ከሙቀቱ በቀር አልሀምዱሊላህ ደህና ነን።

ሙሀባ በሰላም ገብታለች። ጣርማ በር ላይ በርዷት ሙሄ ሁለት ሹራብ ደርቦላት ኖሮ፣ እዚህ ስትወርድ እንደ ተቀቀለ ድንች እንፋሎት ይወጣት ነበር። ፊቷን አጠብኳትና በጥላ አስቀመጥኳት። የመጀመሪያው ቀን አላናገረችኝም። በሁለተኛው «የቤታችን ማንጎ አሁንም ያፈራል?» አለችኝ። ያፈራል አልኳት። «ቤታችን» ያለችው የቱን ቤት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ፕሮግራሙን እንዳዘዙት ለጥፌዋለሁ። ግን እትዬ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልናገር። ከምሳ በፊት ሂሳብ፣ ከምሳ በኋላ እንግሊዝኛ የሚባለው ለኮልፌ ይሆናል እንጂ ለዚህ አገር አይሆንም። ቆርቆሮው ከጋለ በኋላ ልጅ ቀርቶ ዶሮ አይነቃም። ሞክረነው ነበር። እሷ ደብተሩ ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ተዘርረን ረድዋን ከመንገድ ገብቶ ቀሰቀሰን። ስለዚህ ከሱብሒ በኋላ ፀሐዩ ሳይበረታ ንባቡንና ሂሳቡን እናደርጋለን። እንግሊዝኛውን ከዐስር ሶላት በኋላ። መሐል ላይ ሁላችንም እንተኛለን። እኔ እንኳ ዘንድሮ ሙቀቱ አልተስማማኝም፣ ቶሎ ይደክመኛል።

መጋረጃውን ጠይቀውኛል። የለም፤ እኔ ስገባ አወረድኩት። ክፉ መጋረጃ ሆኖ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ቤቱ በሙሉ አረንጓዴ ይሆንና አንቱ ገና ከመኝታ ቤት የሚወጡ ይመስለኝ ነበር። አጥቤ አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ከፈለጉት በሙሄ እልካለሁ።

ልጅቷ ግን መጋረጃም ሳያስፈልጋት ቤቱን ታስጎበኘኛለች። «የእማዬ ቁም ሳጥን እዚህ ነበር። እማዬ እዚህ ጋ ነበር የምትቀመጠው።» እኔም በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ ከኋላ ከኋላዋ እሄዳለሁ።

አክባሪዎ ዓሊያ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓሊያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። በመጀመሪያ አንቱታሽን መልሰሽ ውሰጂ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጥርሴም አልረገፈም። እትዬ የምትይኝ ከረድዋን ጋር ስለኖርኩ ከሆነ፣ እሱ ሰው የሚያስረጅ ባል ቢሆን ኖሮ አንቺም በቅርብ ታረጂ ነበር።

መጋረጃውን አትላኪው። ምን ላደርገው?

ሰዓቱን መለወጥሽን ተቀብያለሁ፤ ትምህርቱን ግን አትለውጪ። ስለ ዶሮና ስለ ቆርቆሮ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ንባቧ ግን አንድ ቃል የለም። ቀኑ እየሄደ ነው። መጽሐፉ ስንተኛ ገጹ ላይ ደረሰ? ስዕሉንስ ትስላለች? ወረቀት ሥራውስ? ያቺ ልጅ ካልያዟት በነፋስ የምትሄድ ናት።

ረድዋን ፎቶዋን ላከልኝ። ፀጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል፤ ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች። ማን ሠራት? እኔ ጋ ፀጉሯን ለመሥራት ስትቀመጥ ጩኸቷ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ማበጠሪያ ስታይ አልጋ ሥር ነው የምትገባው። አንቺ በሁለት ሳምንት ምን አግኝተሽ አስቀመጥሻት? ቀናች እንዳትይኝ ብዬ ላልጽፈው ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት። ቀናሁ። ፎቶውን ሥራ ቦታ ለጓደኞቼ አሳይቼ «እንዴት ታምራለች» ሲሉኝ፣ ሹሩባውን እኔ የሠራሁ መስዬ ዝም አልኩ።

ትናንት ደግሞ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ሐና እየጠበቀችኝ ነው፣ ቻው» ብላ ዘጋችብኝ። ለካርድ የተሰለፈውን ሰው አስቁሜ ነበር የደወልኩት። ሐና ማናት?

ፈይሩዝ


ሸዋ ሮቢት
ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈይሩዝ፣

ወዐለይኪሰላም። እሺ፣ አንቺ ልበልሽ። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ሐና የጎረቤታችን የእትዬ ፋናዬ ልጅ ናት፤ ከሙሀባ ጋር እኩያ ናቸው። ማሾ ሊዘራ እናቷ ወደ እርሻ ስትወርድ እኛ ጋ ትውላለች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ትንሽ ጉረኛ ከመሆኗ በቀር። ሹሩባውን የሠራሁት እኔ ነኝ። አልቅሳለች፣ አይዞሽ። በማንጎ ጉቦ ነው፤ ለአንድ ጉንጉን አንድ ቁራጭ። ፎቶው የተነሳው ሲያልቅ ነው እንጂ ሲሠራማ መንገደኛ ቆሞ ይመለከተን ነበር።

አሁን ስለ ንባቡ ልንገርሽ። ያንቺን መጽሐፍ ሳወጣ ሆዷን ያማታል፣ ሳስቀምጠው ይሻላታል። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አልሆነም። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር። ቤቱ አስፋልቱ ዳር እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ባጃጆቹ ከኋላቸው የሚያስጽፉትን ደግሞ ታውቂያለሽ። ሐና የአንዱን ባጃጅ ጽሑፍ አነበበችና እየተንከተከተች ሳቀች። ሙሀባ «ምን ይላል?» አለቻት። ያቺ ጉረኛ «አንብቢው» ብላ አልነግርም አለች። ልጅሽ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ያን ቀን እራት አልበላችም።

ከማግስቱ ጀምሮ በረንዳውን አትለቅም። ባጃጅ ስለማይቆም ሲያልፍ ሁለት ፊደል ትይዛለች፣ ሲመለስ የቀረውን ትጨምራለች። ከደሴ የመጣ የቆመ ከባድ መኪና ከተገኘ ዒድ ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ዙሪያውን እየዞርን እናነባለን፣ ሾፌሮቹም ለመዱን። ፕሮግራምሽ ውስጥ የለም፣ አውቃለሁ። ግን ወላሂ ታነባለች። ቅናት ነው ያስተማራት፤ እኔ አይደለሁም።

የመጀመሪያ ጽሑፏን አያይዤ ልኬልሻለሁ። ምን እንደምትጽፍልሽ የመረጠችው ራሷ ናት። ማንም አላረማትም። ደስ ስላለኝ እንዳለ ላክሁት።

አንቺ ስለ ሹሩባው ከጻፍሽ እኔም ልጻፍ። ረድዋን ከመንገድ ሲመጣ ሙሀባ ስለ አንቺ ታወራለታለች። እማዬ ወጥ አሳርራ ጎረቤት ቤት የተሠራ አስመስላ ያቀረበችው፣ እማዬ ሚኒባስ ውስጥ ከረዳቱ ጋር የተጣላችው። እሱ እስኪያነባ ይስቃል። ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም። ጓዳ ገብቼ ዕቃ አንኳኳለሁ።

ዓሊያ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓሊያ፣

ሰላምታ የለኝም።

ወረቀቱ ደረሰኝ። ስምንት ዓመት ያሳደግኋት ልጅ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለእናቷ ጻፈች። ላንብብልሽ? «ለእማዬ። ምቀኛ አታሳጣኝ። ሸጊቱ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ቀይ ቀለም፣ ትልልቅ ፊደል፣ ከሥሩ አበባ።

ምቀኛዋ ማን ነው? እኔ ነኝ? በደብዳቤ ቀናሁ ብዬ ልቤን ብሰጥሽ፣ ለልጄ አስጽፈሽ መልሰሽ ወረወርሽብኝ? ማንም አላረማትም ትያለሽ ደግሞ። እንደዚህ ያለ ነገር ከስምንት ዓመት ልጅ ልብ ይወጣል?

ሸጊቱስ ማናት? እኔ ሸጊቱ የምትባል ልጅ አልወለድኩም። ሙሀባ ያልኳት ምጥ ላይ ሆኜ ነው፤ አባቷ ሌላ ስም መርጦ ነበር፣ ለዚህ ስም ተጣልቼዋለሁ። አንቺ መጋረጃዬን አወረድሽ፣ እሺ፤ ቤቱ ያንቺ ነው። አልጋውም ባሉም ያንቺ ነው፣ ጥርግ ይበል። የልጄን ስም ደግሞ ልታወርጂ? የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ዓሊያ። ስሙን ብትለውጪውም የሰው ነው።

ባልወለደ አንጀትሽ ይህ እንዴት እንደሚያቃጥል ምን ታውቂያለሽ?

ቅዳሜ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። ልብሷን አጥበሽ ጠብቂኝ።

ፈይሩዝ


ሸዋ ሮቢት
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈይሩዝ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አንቺ ብትተዪውም እኔ ሰላምታዬን አልተውም።

ቅዳሜን በር በሩን ሳይ ዋልኩ፣ አልመጣሽም። ስለዚህ መልሴን ልጻፍ።

«ምቀኛ አታሳጣኝ» የአብዱልሰመድ ባጃጅ ነው። እዚሁ በራችን ላይ ነው የሚያድረው። ሙሀባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለማንም እርዳታ ያነበበችው እሱን ስለሆነ እሱን ጻፈችልሽ፤ ሽልማት የምትሸልምሽ መስሏት። ቃሉን አታውቀውም። ሐና «ምቀኛ ማለት ትራፊክ ማለት ነው» ብላ አስተምራታለች፤ አብዱልሰመድም ሲሰማ «እውነቷን ነው» አለ። እኔ ሳየው አንቺን እንደሚያቆስል እንዴት እንዳልታየኝ እንጃ። በየቀኑ በራችን ላይ ስለማየው እንደ ግድግዳ ለምጄዋለሁ። በዚህ ጥፋተኛ ነኝ።

ስለ ስሙ። ወደ እኛ ወደ ጀውሃ በኩል ሙሽራ ስትገባ በቤቱ ያገኘቻቸውን ልጆችና የባሏን ታናናሾች እናታቸው ባወጣችላቸው ስም አትጠራም። ነውር ነው። የራሷን ስም ታወጣላቸዋለች። የረድዋንን እህት ዓይናለም እላታለሁ፣ ታናሽ ወንድሙን ጌትዬ። አንቺም እዚያው ቤት ሙሽራ ነበርሽ፤ ወጉ አይጠፋሽም። ልጅሽ ስትመጣ እንደዚያው ስም አወጣሁላት። እናቴ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናት፣ ቆንጆ ልጅ ስታይ ሸጊቱ ነው የምትለው።

ግን በወግ ብቻ ተሸፍኜ አልቀርም። ሙሀባ ብዬ ስጠራ አንቺና እሱ በስም ስትጣሉ፣ ከዚያም ስትታረቁ ይታየኛል። ሸጊቱ ስላት ግን እኔም በእሷ ላይ አንድ ነገር ያለኝ ይመስለኛል። ይህ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ስለ አንጀቴ ደግሞ። ወልዷል ባልልም ባዶ አይደለም። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከዚህ በፊት አንድ ወርዶብኛል፤ ያን ጊዜ ለሰው ሁሉ ተናግሬ ነበር። ያሁኑን ላንቺ ያልነገርኩሽ ረስቼ አይደለም፤ ዓይንሽን ፈርቼ ነው። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን ቀኑን ሙሉ ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሙሀባ «አመመሽ?» ብላ ውኃ አመጣችልኝ። ሐና ፍልሰታን ስለምትጾም እስክትፈታ ድረስ እጠብቃታለሁ ብላ ልጅሽም ምሳ ትታ መዋል ጀምራለች፤ ተይ፣ አትችይውም እላታለሁ፣ አትሰማኝም። ይህን የጻፍኩት ልጅሽ ምን ዓይነት ልብ እንዳላት እንድታውቂ ነው። ያ ልብ ምቀኛ አይልሽም።

ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። ረድዋን «እዚሁ ላስመዝግባት» ማለት ጀምሯል። መክሬው አይደለም። አልከለከልኩትምም።

ዓሊያ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓሊያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አፉ በይኝ።

ይህን ቃል አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ሌሎቹን ይቅርታዎች ሁሉ ልትተያቸው ትችያለሽ፤ ስለ አንጀትሽ የተናገርኩትን ግን አፉ በይኝ። አላህ በሰላም ያገላግልሽ። በልቤ ደስ ብሎኛል ብዬ ግን አልዋሽሽም። ረድዋን ሌላ ሕፃን ሲያቅፍ ታየኝና ምሳዬን ሳልነካው መለስኩት። እንዲህ ነኝ፣ ምን ላድርግ። ያንቺን መዳን ግን ከልቤ እመኛለሁ። ሁለቱም በአንድ ሆድ ውስጥ ይኖራሉ።

ቅዳሜ ያልመጣሁት ፈቃድ ስለከለከሉኝ ነው። ከጨቀጨቅሽ ቅሪ አሉኝ። ብቀር ልጄን በምን አሳድጋታለሁ?

ወረቀቱን አውጥቼ ደግሜ አየሁት። ፊደሉ ቀጥ ያለ ነው። ጻፈች፣ ዓሊያ። እኔ ሁለት ዓመት እጇን ይዤ ያልቻልኩትን ባጃጅ ቻለው። ለመሳቅ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

አሁን የምጽፈው ከባዱን ነው። ትናንት ስደውልላት «እማዬ፣ እዚህ ብማርስ?» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። «ሐና አለች፣ ማንጎ አለ፣ ዓሊያ ሕፃን ልትወልድ ነው፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለች። እየቆጠረች ሄደች፣ እኔ ቁጥሩ ውስጥ አልነበርኩም። አንቺስ ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ አላለችኝም። ልጅ ናት፣ አታውቅም።

ረድዋንን አውቀዋለሁ። በዘመድ ፊት ቆሞ «የት ትማሪያለሽ?» ይላታል። «እዚህ» ካለች «ልጅቷ መረጠች» ይላል፤ ሽማግሌም የሚሰማው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ እኔ በዓመት አንዴ፣ በክረምት የምትጎበኝ እናት ልሆን ነው። አንቺ ቤቱ አለሽ፣ ባሉ አለሽ፣ የራስሽ እየመጣ ነው። እኔ ከሷ በቀር ምንም የለኝም።

እባክሽ። ሰው ለምኜ አላውቅም፣ አንቺን ደግሞ እለምናለሁ ብዬ አልሜም አላውቅ። በምን እንደምታደርጊው አላውቅም። ብቻ ላኪልኝ።

ፈይሩዝ


ሸዋ ሮቢት
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈይሩዝ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ይህን ደብዳቤ ሙሄ በእጅሽ ይሰጥሻል። ቦርሳዋ ውስጥ አላደረግሁትም፤ አሁን ማንበብ ትችላለች።

አፉ ብዬሻለሁ። ያን አንሺውና ተይው።

ልጅሽ አጠገብሽ ናት። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። መውሊድን አብረን አከበርን። ሴቶቹ መንዙማ ሲሉ እሷና ሐና እያጨበጨቡ ሰውን አሳቁት። በማግስቱ የረድዋን ወንድሞች ሊመጡ እንደሆነ፣ ጥያቄውም እንደሚጠየቅ አውቅ ነበር። ስለዚህ ሰው ሳይመጣ ጠዋት ጠራኋትና በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት።

«የራሴ ልጅ ሊመጣ ነው፤ ላንቺ ቦታ አይኖረኝም» አልኳት። «አንቺን መጠበቅ ደክሞኛል። ወደ እናትሽ ሂጂ።»

የማለቅስ መስሎኝ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዙሬ ነው የተናገርኩት። እሷ አላለቀሰችም። «እሺ» አለችኝ። ሄዳ ልብሷን ራሷ አጣጠፈችው። ረድዋን በወንድሞቹ ፊት «የት ትማሪያለሽ?» ሲላት «እማዬ ጋ» አለች። ገረመው፤ እኔን አየኝ፣ እኔ ትሪ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስሜን አልጠራችም። ሚኒባሱን ስንጠብቅ ሐናን ቻው አለቻት፣ እኔን ዞር ብላ አላየችኝም።

ውሸቴን ነው። ቦታ ነበረኝ። ለሁለት ይበቃ ነበር።

ሌላ መንገድ ፈልጌ ነበር። እናትሽ ብቻዋን ናት ብላት አዝና ትሄዳለች፣ ልቧ ግን ግማሹ እዚህ ይቀራል፤ አንቺም ያንን ግማሽ ታይዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። ተቆጥታ ከሄደች ግን ሙሉዋን ትሄዳለች ብዬ ነው። ላንቺ ስል ብቻ አደረግሁት ብልሽ ዋሸሁ። የምወልደው ልጅ የሌላ እናት እንባ ተሸክሞ እንዳይመጣ ፈርቻለሁ።

እውነቱን አትንገሪያት። ትጥላኝ። ልጅ ናት፣ ትረሳለች።

«ቋ» እና «ጓ» ላይ ትሰናከላለች፤ ቀስ ብለሽ አስነብቢያት። ስትቸኩል ጩኸት አትወድም።

ዓሊያ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓሊያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። «ለእህቴ» ብዬ ልጀምር ነበር፣ ከበደኝ። እንዳልዋሽሽ ብዬ ተውኩት።

ሙሀባ አልፋለች። ገጹን አንብባ ስትጨርስ መምህሯ «በቃሽ» ሲሏት፣ ከጠረጴዛቸው በላይ የተለጠፈውን የክፍያ ማስታወቂያም ቀጥላ አነበበችላቸው። መምህሯ ሳቁ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፣ አልሀምዱሊላህ።

እውነቱን አትንገሪያት ያልሽኝን ጠብቄ ነበር። ዝም ብዬ ነበር ማለቴ ነው። ለምን ዝም እንዳልኩ ግን ልንገርሽ። ስላዘዝሽኝ አይደለም። በመጣች በሦስተኛው ቀን «ዓሊያ ክፉ ናት» አለችኝ። ይህን ቃል ለመስማት ክረምቱን ሙሉ ጠብቄ ነበር፤ ሲመጣ ጣፈጠኝ። «አይ፣ እንዲህ አይባልም» አልኩ በአፌ፣ በልቤ ግን ድገሚው እላት ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። ሳልነግራት ሳህን ታጥባለች። አልጋዋን ታነጥፋለች፣ የኔንም ታነጥፋለች። ዳቦ ግዢ ስላት መልስ ቆጥራ ታስረክበኛለች፣ ከረሜላ አትለኝም። ሠፈርተኛው «ክረምቱ አሳደጋት» ይለኛል። እኔም ኮራሁ። ባለፈው ዓርብ ምሳ በልተን ጫማዋን ስጠርግ ቆይታ ቆይታ «እማዬ፣ እኔን መጠበቅ ደክሞሻል?» አለችኝ። «ለምን?» ስላት «እንዳይደክምሽ ብዬ ነው» አለች።

ጫማውን አስቀመጥኩ። ሳህኑንም አልጋውንም የምትሠራው ለዚህ ነበር። እኔም እንዳልልካት ነው።

ነገርኳት፣ ዓሊያ። ያስያዝሽኝን አደራ አፈረስኩት። ቦታ እንደነበረሽ፣ እኔ እንደለመንኩሽ፣ እንደዋሸሻት፣ ሁሉንም ነገርኳት። «እኔ ነኝ እንድትልክሽ ያደረግሁት» አልኳት። ያን ስል እንደምትቆጣኝ አውቅ ነበር። የነበረኝን አንድ ድል በገዛ እጄ ሰጠሁ፤ ስሰጥም ደስ አላለኝም፣ እንዳትታለዪ።

ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ተነስታ ወረቀት ጠየቀችኝ። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ በክንዷ ጋርዳ ጻፈች። «ላግዝሽ?» አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። አጠገቧ ሽንኩርት እየላጥኩ ተቀመጥኩ፣ «ቋ» እንዴት ይጻፋል ትለኝ ይሆናል ብዬ። አንድ ፊደል እንኳ አልጠየቀችኝም። ሁለቱንም ገጽ ሞላችው፣ አጠፈችው፣ «የዓሊያ ነው» ብላ ሰጠችኝ።

ሙሄ ከዚህ ጋር ያመጣልሻል። አላነበብኩትም። ማንበብ ፈልጌ ነበር፣ በጣም። ወደ መብራት ይዤ እስከማየት ደርሻለሁ። ልጄ ጽፋው እኔ የማላውቀው ነገር በዓለም ላይ ሲኖር ይህ የመጀመሪያው ነው። ቅናቱ እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጧል፣ አልሄደም።

መልስ ስትጽፊ ለእሷ ጻፊ። ሲደርስ አቀብላታለሁ፣ አልከፍተውም።

ፈይሩዝ